ዳይኖሰሮች ውቅያኖሱን በምን ተሻገሩት?

ጥያቄ፦ «ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። የዳይኖሰር አጥንት በሰባቱም አህጉር ተገኝቷል የሚል ነገር አንብባ መጣችና ‹ታዲያ ውቅያኖሱን በምን ተሻገሩት?› አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እየዋኙ ነው? ድሮ እንደ ድልድይ የሚሆን መሬት ነበር? ደግሞስ በኛ አገር ኖረዋል ወይ?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። አብዛኞቹ ውቅያኖስ አልተሻገሩም። ያኔ በመካከል ውቅያኖስ አልነበረም፤ ኋላ ነው የመጣው። ጥቂቶቹ ግን በእርግጥም ባሕር የተሻገሩ ይመስላል። ድልድይ የሚሆን መሬትም በአንዳንድ ቦታ፣ በአንዳንድ ዘመን ነበር። በኛም አገር ኖረዋል። ማስረጃው በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ውስጥ አለ። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

ረጅሙ መልስ አንድ ነገር ይፈልጋል። ስለ አንድ ዳይኖሰር ጉዞ ሲነሳ በኛ ሙያ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መቼ?» ብለን ነው። ዳይኖሰሮች ምድር ላይ የቆዩት ከ160 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የዓለም ካርታ ሲለዋወጥ ኖሯል። በአንዱ ዘመን በደረቅ እግር የሚኬድበት መንገድ በሌላው ዘመን ጥልቅ ባሕር ሆኗል። ልጅዎ የዛሬውን ካርታ ይዛ ብትጠይቅ መልሱ አይገጥምላትም። የሚያስፈልጋት የዘመኑ ካርታ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው የቅርብ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው እንነሳ። ከ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ የምናውቃቸው አህጉራት ገጥመው አንድ ትልቅ የብስ ነበሩ። ፓንጂያ ይባላል። የደቡቡ ክፍል ጎንድዋና ነው። ደቡብ አሜሪካ፣ አፍሪካ፣ ዓረቢያ፣ ማዳጋስካር፣ ሕንድ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ በሱ ውስጥ ነበሩ። የሰሜኑ ክፍል ሎሬዥያ ነው። ቀይ ባሕር አልነበረም፤ አትላንቲክ አልነበረም፤ የሕንድ ውቅያኖስም አልነበረም።

ዕድሜያቸው በደንብ ከታወቀ ዳይኖሰሮች ውስጥ ቀደምቶቹ የተገኙት በአርጀንቲና ኢሺጉዋላስቶ በሚባል ስፍራና በደቡብ ብራዚል ነው። የአርጀንቲናዎቹ ወደ 231 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። በ2022 ደግሞ ከዚምባብዌ ምቢሬሳውረስ የተባለ፣ ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዳይኖሰር ይፋ ሆነ። በዛሬው ካርታ ካየነው በአርጀንቲናና በዚምባብዌ መካከል ደቡብ አትላንቲክ ተዘርግቷል። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱ ቦታዎች በአንድ የብስ ላይ፣ በተቀራራቢ ኬክሮስ፣ በተመሳሳይ የአየር ንብረት ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ዘመዳሞች በሁለቱም ቦታ መገኘታቸው ምንም አያስገርምም።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። መሬቱ አንድ ከሆነ ዳይኖሰሮች ለምን ወዲያውኑ በየቦታው አልተበተኑም? ባሕር የለም፤ ተራራ የሚዘጋባቸው አይመስልም። ሆኖም ረጅም አንገት ያላቸው የዕፅ በል ዳይኖሰሮች ቅድመ አያቶች ከደቡቡ ክፍል ወደ ሰሜን ለመድረስ እጅግ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ ላይ በ2021 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የሠሩት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዴኒስ ኬንትና ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ላርስ ክሌመንሰን ናቸው። ምሥራቅ ግሪንላንድ ላይ የእነዚህ ዕፅ በሎች አጥንት የሚገኝበት የድንጋይ ንብርብር አለ። ተመራማሪዎቹ በድንጋዩ ውስጥ ተመዝግቦ የቀረውን የምድር መግነጢሳዊ ዋልታዎች መገለባበጥ ተከትለው ዕድሜውን አሰሉ። ወደ 214 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ አገኙት። ከደቡብ አሜሪካ እስከዚያ ያለው ርቀት ያኔ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ነበር። አንድ እንስሳ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢራመድ ይህን መንገድ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እነሱን ግን 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

የከለከላቸው የአየር ንብረት ነው ይላሉ ሁለቱ ሰዎች። በዚያ ዘመን በአየር ውስጥ ያለው ካርበን ዳይኦክሳይድ ከዛሬው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምድር ወገቡ አካባቢ አንዱ ቀበቶ በረሃ፣ ሌላው ከመጠን በላይ ዝናባማ ነበር። ብዙ ቅጠል የሚፈልግ ግዙፍ እንስሳ በረሃውን ማለፍ አይችልም። ከ215 እስከ 212 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ግን የካርበን ዳይኦክሳይዱ መጠን በግማሽ ያህል ቀነሰ። በረሃው ለዘብ አለ፤ መንገዱም ተከፈተ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስረጃው የሁለት ነገሮች በጊዜ መገጣጠም ነው። ጋዙ ሲቀንስ ያየ የለም፤ እንስሳቱ ሲያልፉም ያየ የለም። እኔ ግን አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምክንያቱም በዚያው ዘመን ሥጋ በሎቹ ዳይኖሰሮች በዛሬዋ ኒው ሜክሲኮ፣ ያኔ ምድር ወገብ አጠገብ በነበረው አገር፣ ይኖሩ ነበር። ረጅም አንገት ያላቸው ዕፅ በሎች ግን እዚያ የሉም። ሥጋ በሉ የሚያልፍበትን ቦታ ዕፅ በሉ አላለፈውም ማለት ነው። መሬት ስለተያያዘ ብቻ መንገድ አለ ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። «ተሰደዱ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መንጋው ተነሥቶ፣ ተጉዞ ተጉዞ አዲስ አህጉር ሲገባ ነው። እንዲያ አይደለም። የክረምትና የበጋ ጉዞ የራሱ ነገር ነው፤ እሱም ነበር። በ2011 የታተመ ጥናት በምዕራብ አሜሪካ የሚገኘውን የካማራሳውረስን (ረጅም አንገት ያለው ዕፅ በል ነው) ጥርስ መርምሮ፣ በጥርሱ ውስጥ ካለው የኦክስጅን ዓይነት ተነሥቶ፣ እንስሳው ውኃና ቅጠል ፍለጋ ከቆላ ወደ ደጋ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለስ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ግን ደርሶ መልስ ነው። አህጉር የሚያስቀይረው የተለየ ነገር ነው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ትንሽ ራቅ ብለው ይኖራሉ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ሌላ ትንሽ ይርቃሉ። ማንም ጉዞ ላይ እንዳለ አያውቅም። አንድ ወገን በዓመት አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሰፋ 10,000 ኪሎ ሜትር በ10,000 ዓመት ያልቃል። ለኛ ሙያ 10,000 ዓመት ከቁጥር የማይገባ ጊዜ ነው። የብዙዎቹን ድንጋዮች ዕድሜ በዚያ ጥራት መለካት እንኳ አንችልም።

ፓንጂያ መሰንጠቅ የጀመረው ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስንጥቁ ባንድ ጊዜ አልሆነም። መጀመሪያ ሰሜኑና ደቡቡ መለያየት ጀመሩ። ቀጥሎ ጎንድዋና ራሷ ተሰነጣጠቀች። ከሁሉም በደንብ የምናውቀውና እኔም በጣም የምወደው የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ መለያየት ነው።

በ2024 ከአሜሪካ ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ የሉዊስ ጄከብስ ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሶውዛ በሚባል ረባዳና በሰሜን ካሜሩን ኩም በሚባል ረባዳ ውስጥ የዳይኖሰር ዱካዎች አሉ። ጭቃና ደለል ላይ የታተሙ፣ ኋላ ወደ ድንጋይ የተለወጡ ዱካዎች ናቸው። በድምሩ ከ260 ይበልጣሉ። ዕድሜያቸው 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። ዱካዎቹ ግን በዕድሜም፣ በቅርጽም፣ በተቀመጡበት የድንጋይ ዓይነትም ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ የሦስት ጣት ሥጋ በሎች ናቸው። ጥቂቶቹ የዕፅ በሎች ይመስላሉ።

ካርታውን ስናጥፈው ነገሩ ይገለጣል። የብራዚል የሰሜን ምሥራቅ ክርን ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ገብቶ ካሜሩን ጎን ይቀመጣል። ከ120 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደቡባዊው ክፍል ተከፍቶ ውኃ እየገባበት ነበር። እዚህ ላይ ግን ጠባብ የመሬት መተላለፊያ ቀርቶ ነበር። ሁለቱን አህጉራት ካያያዙት የመጨረሻ ቦታዎች አንዱ ነው።

ያ መተላለፊያ ምን ይመስል ነበር? ለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መሬት ሲሳሳብ መሃሉ ይሰምጣል፤ ዳርና ዳሩ ይቆማል። በሰመጠው ላይ ወንዝ ይወርዳል፤ ሐይቅ ይተኛል፤ ደለል ይከማቻል። ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሰንሰለት ያየ ሰው የዚያን ዘመን ብራዚልና ካሜሩን በግምት አይቷል። ተክልና ዛፍ ውኃ ዳር ይበቅላል፤ ዕፅ በሉ ወደዚያ ይመጣል፤ ሥጋ በሉ ይከተለዋል። እርጥብ ጭቃውም ኮቴያቸውን ይይዛል። በአፋር ደግሞ ቀጣዩን ምዕራፍ እናያለን። በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ። በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ያ ሁሉ የሆነው በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው መሰነጣጠቅ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሲደጋገም ውቅያኖስ ይወልዳል።

እንግዲህ ሶውዛና ኩም ላይ ዱካቸውን የተዉት እንስሳት ውቅያኖስ አልተሻገሩም። ምናልባት አንዳቸውም ከተወለዱበት ብዙ አልራቁም። መሬቱ ተለያይቶ ዱካቸውን ይዞ ሄደ። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መተላለፊያው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በወዲህኛውና በወዲያኛው ዳር የቀሩት ወገኖች በየፊናቸው ተለወጡ።

የሩቅ ዘመዳሞችን በተለያየ አህጉር ስናገኝ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በአርጀንቲና ካርኖታውረስ አለ። በማዳጋስካር ማጁንጋሳውረስ። በሕንድ ጉጃራት ራጃሳውረስ። ሦስቱም አጭር ክንድና ወፍራም የራስ ቅል ያላቸው የአንድ ወገን ሥጋ በሎች ናቸው። የጋራ ቅድመ አያቶቻቸው ጎንድዋና ሳትበተን ኖረዋል። ሕንድ ከማዳጋስካር የተላቀቀችው ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ብቻዋን ወደ ሰሜን ተጓዘች። ከእስያ ጋር የተጋጨችው ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ ራጃሳውረስ በሕይወት ሳለ የእስያን አፈር አልረገጠም። አጥንቱ ግን ዛሬ እስያ ውስጥ ነው። መሬቱ ነው ተሸክሞ ያመጣው። ይህን ለልጅዎ ቢነግሯት ሌላው ሁሉ የሚቀላት ይመስለኛል። አጥንት የተገኘበት ቦታ ዛሬ ያለበት ስፍራና እንስሳው የኖረበት ስፍራ አንድ ላይሆን ይችላል።

አንታርክቲካም እንዲሁ ነች። ዛሬ ዘላለማዊ በረዶ የተጫናት አገር ያኔ ደን ነበራት፤ ደቡብ አሜሪካንና አውስትራሊያንም ታገናኝ ነበር። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የተገኘው ዲያማንቲናሳውረስና በአርጀንቲና የተገኘው ሳርሚየንቶሳውረስ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ረጅም አንገት ያላቸው ግዙፍ ዕፅ በሎች ናቸው። በአንታርክቲካ በኩል አልፈዋል የሚለው ሐሳብ ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ጉዞው የሆነው ዋልታው በተለይ በሞቀበት ዘመን፣ ከ105 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሳይሆን አይቀርም። እዚህም እንደ ግሪንላንዱ መሬቱ ቀድሞም ነበር። የተጠበቀው ሙቀቱ ነው።

ድልድይ ስለሚሆን መሬት ጠይቀዋል። ትልቁ በሰሜን ነው፤ ሳይቤሪያንና አላስካን የሚያገናኘው። ዛሬ በመካከላቸው የቤሪንግ ወሽመጥ አለ። ክሪቴሽየስ በሚባለው የዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ በእግር ይታለፍ ነበር። በ2025 ከሞንጎሊያ ኻንኩሉ የተባለ 86 ሚሊዮን ዓመት የሆነው መለስተኛ ሥጋ በል ይፋ ሆኗል። ክብደቱ 750 ኪሎ ያህል ነው። የታላላቆቹ ታይራኖሳውሮች (እንደ ቲ-ሬክስ ያሉት ግዙፍ ሥጋ በሎች) ቅድመ አያት ለሆነው ወገን እጅግ የቀረበ ነው። ከሱ ወገን የሆኑት ወደ ሰሜን አሜሪካ ገብተው እዚያ ገዘፉ። ከልጆቻቸው መካከል ተመልሰው እስያ የገቡም አሉ። የቲ-ሬክስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ታርቦሳውረስ የሚገኘው ሞንጎሊያ ነው። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ አልነበረም።

ያ ድልድይ የሚገኘው ዋልታው አጠገብ ስለሆነ «ብርዱንና የወራት ጨለማውን እንዴት ቻሉት?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ነበር። በ2021 የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰሜን አላስካ ከእንቁላል ገና የወጡ ጫጩቶችን አጥንትና ጥርስ ማግኘታቸውን አሳወቁ። የሰባት ዓይነት ዳይኖሰሮች ጫጩቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ጨቅላ ለክረምት ብሎ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድ አይችልም። እዚያው ይወለዱ፣ እዚያው ይከርሙ ነበር ማለት ነው። ድልድዩ ለእነሱ ማለፊያ ብቻ አልነበረም፤ አገራቸው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። መሬቱ አስቀድሞ ተለያይቶ፣ ባሕሩ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ማዶ የተገኙስ?

ሞሮኮ ውስጥ ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት የሚወጣባቸው ማዕድን ማውጫዎች አሉ። ድንጋዩ የጥንት ባሕር ወለል ነው። የሻርክና የባሕር ተሳቢዎች ቅሪት ሞልቶታል። የዳይኖሰር አጥንት ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ወንዝ አውጥቶ ባሕር ላይ የጣለው ሬሳ ካልሆነ በቀር ከየት ይመጣል? ከዚያ ነው በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲው የኒክ ሎንግሪች ቡድን የመንጋጋ ቁራጮችና ጥርስ አግኝቶ አጅናቢያ ኦዲሲየስ የሚል ስም የሰጠው። በ2020 ይፋ ሆነ። ዕድሜው ወደ 66 ሚሊዮን ዓመት፣ የዳይኖሰሮች ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። የዳክዬ ምንቃር የሚመስል አፍ ካላቸው ዕፅ በሎች ወገን ነው።

ችግሩ ይህ ነው። ይህ ወገን የመነጨው በሰሜን አሜሪካ ነው። ወደ እስያና አውሮፓ ተዛምቷል። አፍሪካ ግን በዚያ ዘመን በሁሉም በኩል በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። ከሌሎች ከተለየች ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ አፍሪካ ውስጥ ይህ እንስሳ ጭራሽ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። የሚመስለው ከአውሮፓ መጣ የሚለው ነው። አውሮፓም ያኔ የደሴቶች ስብስብ ነበረች። በመካከል ያለው ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠርና ጥልቅ ነበር። ባሕሩ ቢጎድል እንኳ መሬት የሚወጣበት ዓይነት አይደለም። በ2024 ከዚያው አካባቢ ሚንቃሪያ የተባለ ሌላ ዘመዱ ተገለጸ። አንድ ወገን ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ በአፍሪካ በዝቶ ወደ ተለያዩ ዝርያዎች የተከፋፈለ ይመስላል።

እንግዲህ ዋኙ ወይ? ሊሆን ይችላል። የእነዚህ እንስሳት ጭራ ሰፊና ጠንካራ ነው፤ አጥንታቸውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወንዝና በባሕር ዳርቻ ደለል ውስጥ ነው። ዛሬ ያሉ ትልልቅ እንስሳትም ከምናስበው በላይ ይዋኛሉ፤ ዝሆን ባሕር ውስጥ ገብቶ ደሴት ሲሻገር ታይቷል። ሌላው መንገድ መንሳፈፍ ነው። ጎርፍ ከዳርቻ የገነጠለው ግንድና ቁጥቋጦ ተቋጥሮ ባሕር ላይ ይወጣል፤ ላዩ ላይ ያለው እንስሳም አብሮ ይሄዳል። ይህ ተረት አይደለም። በ1995 በካሪቢያን ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች ካለፉ በኋላ ቢያንስ 15 አረንጓዴ ኢጓናዎች በተነቀሉ ግንዶች ላይ ተሳፍረው አንጉዊላ ደሴት ደርሰዋል። ከዚያ በፊት በደሴቲቱ ላይ ያ ዝርያ አልነበረም። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ቅድመ አያቶችም አትላንቲክ ከተፈጠረ በኋላ ከአፍሪካ ተሻግረው ነው የገቡት። ለዚያ ከባሕር ላይ መንሳፈፍ ሌላ መልስ አልተገኘለትም። ሦስት ሜትር የሚሆን ዳይኖሰር በእንዲህ ያለ ግንድ ላይ መሄዱ ይከብዳል፤ ጫጩት ግን ትንሽ ነው።

አሜሪካዊው ጆርጅ ጌሎርድ ሲምፕሰን በ1940 ይህን ዓይነቱን መሻገር ከሎተሪ ጋር አመሳስሎታል። ምሳሌው ዛሬም ይሠራል። ለአንድ ሰው ሎተሪ መውጣቱ የማይታሰብ ነው፤ ሁልጊዜ ግን የሚወጣለት ሰው አለ። ቁጥሩን እንየው። አንድ መሻገር በዓመት ያለው ዕድል ከሚሊዮን አንድ ብቻ ነው እንበል። በሰው ዕድሜ ከቶ አይሆንም። በ10 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ግን አለመሆኑ ነው የሚገርመው። እኔ በግሌ አጅናቢያን የምወደው ለዚህ ነው። «ባሕር አለ፤ ስለዚህ አያልፉም» ብለን በጊዜ ደምድመን ነበር። የረሳነው የዘመኑን ርዝመት ነው።

በግብፅ ዳኽላ ኦሲስ የተገኘው ማንሱራሳውረስም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ያገኘው በሒሻም ሰላም የሚመራው የማንሱራ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ ይፋ የሆነው በ2018። ዕድሜው ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ነው። ረጅም አንገት ያለው ይህ ዕፅ በል ከደቡብ አሜሪካ ዘመዶቹ ይልቅ ለአውሮፓና ለእስያዎቹ ይቀርባል። በሰሜን አፍሪካና በደቡብ አውሮፓ መካከል የሆነ መተላለፍ እንደነበረ ያሳያል። የዚያ ዘመን የአፍሪካ ቅሪተ አካል እጅግ ጥቂት ነው። አንድ አዲስ አጥንት ሲገኝ ታሪኩን ሊገለብጠው የሚችለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የወረደ፣ ከዚያም ወደ ደጀን የወጣ ሰው ንብርብሩን አይቶታል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፤ ዳይኖሰር የለበትም። ከሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋዩ ይገኛል። በመቀሌ አካባቢ አንታሎ የሚባለው ነው። ከታች ደግሞ አሮጌው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ሥራ ነው፤ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ሞልቶታል። ከክሪቴሽየስ በፊት በነበረው በጁራሲክ ዘመን ባሕር ከምሥራቅ ገብቶ የአገራችንን ብዙ ክፍል ሸፍኖት ነበር።

ባሕሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ረግረግ፣ ወንዝና ሜዳ ትቶ ሄደ። የዚያ ጊዜው ደለል የሙገር የጭቃ ድንጋይ ይባላል። የካሊፎርኒያ በርክሊው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ድንጋይ የዓሣና የሥጋ በል ዳይኖሰር ቅሪት መገኘቱን አሳውቋል። ዕድሜውን የነገራቸው በጭቃው ውስጥ የቀረው የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ነው፤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ኋላም ተጨማሪ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ጥርስ መብዛቱ አይግረምዎ። ዳይኖሰር ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀይራል፤ ጥርስ ደግሞ ከአጥንት ይልቅ አይበሰብስም።

ዕድሜው ልብ የሚያስብል ነው። በታንዛኒያ ተንዳጉሩ የሚባለው ታዋቂ ስፍራ የዚያው ዘመን ነው። ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች ቆፍረው ያወጡት ጊራፋቲታን ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ቁመት ይዞ ቆሟል። በምዕራብ አሜሪካ ሞሪሰን የሚባለው ንብርብርም በግምት የዚያው ዘመን ነው፤ የጊራፋቲታን የቅርብ ዘመድ ብራኪዮሳውረስ እዚያ አለ። በፖርቱጋል ደግሞ ከአሜሪካው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ሥጋ በሎች ተገኝተዋል። የሰሜኑና የደቡቡ የብስ መለያየት በጀመሩበት ጊዜ ማን ከማን ጋር ይገናኝ ነበር የሚለውን ለማወቅ እነዚህን ስፍራዎች ማነጻጸር ግድ ነው። የኛው ሙገር በጂኦግራፊ ከተንዳጉሩ በስተ ሰሜን፣ ቴቲስ የተባለው የጥንት ባሕር ክንድ በገባበት አገር ዳር ላይ ነው። ከዚያ አንድ የተሟላ አጽም ቢወጣ ለዚህ ንጽጽር ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል። ጥርስ የወገኑን ስም በግምት ይነግረናል፤ ዝምድናን በእርግጠኝነት ለማስላት ግን የራስ ቅልና የአከርካሪ አጥንት ያስፈልጋል።

ከልጅዎ ጋር ወደዚያ የመውረድ ዕድል ካገኛችሁ በጥቁሩ ድንጋይ ሥር፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ያለውን ቀላና አረንጓዴ ቀለም ያለውን የጭቃ ድንጋይ አሳዩአት። ጥርስ ወይም አጥንት የሚመስል ነገር ካያችሁ ከቦታው አታንሱት። ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ እርሳስ ወይም ሳንቲም ለመለኪያ አስቀምጡ፤ የስልካችሁን የቦታ መጠቆሚያ መዝግቡ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል አሳውቁ። ከነበረበት ንብርብር የተነቀለ ጥርስ ዕድሜው አይታወቅም። «መቼ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ አይሰጥም።